የወተት ድጎማው ላሟን ይከተል ወይስ ወተቱን?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣም ሆነ በዳንግላ፣ የወተት ነገር ሲነሳ «ድጎማ» የሚለው ቃል አይቀርም። አንዱ፣ መንግሥት ለወተት ላም አርቢዎች ድጎማ ይሰጣል ይላል። አርቢው እጄ የገባ ብር የለም ይላል። ሸማቹ ደግሞ ድጎማ ካለ ወተቱ ለምን አይረክስም ብሎ ይጠይቃል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ትዝ ያለው ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ሦስቱም ግን አልዋሹም። ድጎማ የሚሉት ነገር ለየብቻ ስለሆነ ነው የማይግባቡት። ይህ ጽሑፍ ነገሩን ለያይቶ ለማየት ይሞክራል። ድጎማ የሚባለው ምንድን ነው? በጎጃም የወተት ሥራ ላይ ሲወርድ የት ይደርሳል? የትስ ይቀራል?

ድጎማ፣ ድጋፍ፣ ብድር

ድጎማ ማለት መንግሥት የአንድን ዕቃ ወይም አገልግሎት ወጪ ከፊሉን ከሕዝብ ገንዘብ ሲሸፍን ነው። ነዳጅና ማዳበሪያ ላይ በደንብ እናውቀዋለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባልም፣ ነዳጅንና ማዳበሪያን የመሳሰሉ ነገሮች ለጊዜው እየተደጎሙ እንደሚቆዩ ተነግሮ ነበር።

ወተት ላይ ነገሩ ይለያል። አውሮፓ ውስጥ አንድ ገበሬ በያዘው መሬት ወይም በላሞቹ ቁጥር ተሰልቶ በየዓመቱ ገንዘብ ሒሳቡ ውስጥ ይገባለታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ የቀጥታ ክፍያ አልተለመደም። ያለው በዓይነት የሚሰጥ ነው። በርካሽ የሚቀርብ የማዳቀል አገልግሎት አለ። የክትባት ዘመቻ አለ። የደሾና የዝሆኔ ሣር ችግኝ ይታደላል። ለወጣቶች የላም ማደሪያ ሼድና የመሥሪያ ቦታ ይሰጣል። መኖ ላይ የታክስ እፎይታ ተደርጓል። በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብርም ለወተት፣ ለዶሮ፣ ለእንቁላል፣ ለማርና ለዓሣ የሚሰጠውን ትኩረት ከፍ አድርጎታል።

ብድር ግን ድጎማ አይደለም። ከነወለዱ ይመለሳል። ወለዱ ከገበያው ዝቅ ካለ ያቺ ልዩነት ብቻ ናት ድጎማ። ለወጣት ማኅበር ላም መግዣ የሚሰጥ ተዘዋዋሪ ብድርን ብዙ ሰው «መንግሥት ላም አደለ» እያለ ያወራዋል። ላሟ ስትሞት ግን ዕዳው አይሞትም። አርቢው «ብር አላየሁም» ሲል ከዚህ አንጻር እውነቱን ነው። ያየው ዕዳ ነው።

በዓይነት የሚሰጠው ድጎማ ደካማ ጎን አለው። ዋጋው በወረቀት ላይ አለ፤ ጥቅሙ ግን አገልግሎቱ በሰዓቱ በመድረሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የማዳቀል አገልግሎቱን ጠጋ ብለን እንየው። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ገደማ ነው። ፍላጎቱ የሚቆየው ከ12 እስከ 18 ሰዓት ቢሆን ነው። በዚያች ክፍተት ውስጥ አዳቃዩ የኮርማውን ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ ይዞ መድረስ አለበት። ላሟ ቅዳሜ ከሰዓት ማግሣት ጀመረች እንበል። አዳቃዩ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜ ማታና እሑድ አይሠራም። ሰኞ ሲመጣ አልፏል። አርቢው 21 ቀን ይጠብቃል። 21 ቀን ደግሞ ልክ 3 ሳምንት ነው። ላሟ ቀኗን ካልዘለለች እንደገና ቅዳሜ ላይ ትውላለች! በዚህ መሐል በየቀኑ መኖ ትበላለች፤ ጥጃም ወተትም ግን የለም። አገልግሎቱ ለአርቢው በጣም ርካሽ ነው። ያመለጠው ቀን ግን ውድ ነው። ለአዳቃዩ የእሑድ አበል መክፈልም ድጎማ መሆኑን ብዙ ጊዜ እንረሳለን።

የላሟ ሒሳብ

በኢትዮጵያ ካሉት ከብቶች ከ100 ውስጥ 97 ያህሉ የአገር ውስጥ ዝርያ ናቸው። የሐበሻ ላም በአማካይ በቀን 1 ሊትር ተኩል አካባቢ ትታለባለች። ያውም ለጥቂት ወራት ነው። ከውጭ ዝርያ ጋር የተዳቀለችው ዲቃላ ግን በደንብ ከተያዘች 8፣ 10፣ ከዚያም በላይ ትሰጣለች። ለዚህ ነው ፖሊሲው ሁሉ ወደ ማዳቀል የሚያደላው። ታሪኩም ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ከውጭ በዕርዳታ የመጡ 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶች ናቸው የአገሪቱን ዘመናዊ የወተት ሥራ በአዲስ አበባ ያስጀመሩት። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ከባሕር ዳር ብዙ ሳይርቅ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የፎገራን ዝርያ ሲጠብቅና ሲያሻሽል ዕድሜውን አሳልፏል።

ነገር ግን ዲቃላ ላም ሆዷ ሌላ ነው። ጭድ ብቻ በልታ 10 ሊትር አትሰጥም። ፉርሽካ ትፈልጋለች፤ ፋጉሎ ትፈልጋለች፤ ጥሩ ድርቆሽ ትፈልጋለች። ከወተት ማምረቻ ወጪ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው መኖ ነው። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ያልፋል። ስለዚህ ላም በድጎማ መስጠትና መኖውን ለገበያ መተው፣ መኪና ሰጥቶ ነዳጁን ራስህ ፈልግ እንደ ማለት ነው። የተሰጠችው ላም ስትከሳ፣ ስትመክን፣ በመጨረሻም ለቄራ ስትሸጥ ያየ አርቢ የሚያማርረው ይህን ነው።

ጎጃም የእህል አገር ነው። ከደጀን እስከ ቢቸና ያለው ሜዳ የጤፍ ነው። ጭዱ ሞልቷል። የግጦሹ መሬት ግን ከዓመት ዓመት ጠቧል። መጀመሪያ ማሳው በላው፤ ከዚያ ዛፉ መጣ። በሜጫ ባሕር ዛፍ፣ በአዊ በኩል በፋግታ ለኮማ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ቦታውን ይዘውታል። ገበሬው ዛፉን የመረጠው ስለሚያዋጣው ነው። ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን ዛፍ በተተከለበት ላም አትግጥም። መኖ ከገበያ የሚገዛ ነገር እየሆነ የመጣው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ፋጉሎ ሲደጎም ብሩ የት ይሄዳል?

«እንግዲያው መኖውን ደጉሙት» የሚለው ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። ትክክል ይመስላል። ችግሩ ያለው የፋጉሎው ብዛት ላይ ነው።

ፋጉሎ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተር ወይም ሱፍ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚተርፈው ነው። የሚወጣው መጠን በሚጨመቀው የቅባት እህል ልክ ነው። ለአርቢው በኩንታል ቅናሽ ቢደረግለትና ገበያ ላይ ያለው ፋጉሎ ግን ያው ቢሆን ምን ይሆናል? ሁሉም ገዢ ትንሽ ተጨማሪ ብር ይዞ ያንኑ ፋጉሎ ይሻማል። ዋጋው ይወጣል። የድጎማው ብር በአርቢው እጅ በኩል አልፎ ነጋዴው ኪስ ይገባል። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን «የድጎማ ማረፊያ» ብለው ይፈትሹታል። ድጎማው በስሙ የተጻፈለት ሰው ሌላ፣ በመጨረሻ የሚጠቀመው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላል።

በ2013 ዓ.ም. በቡሬና በደብረ ማርቆስ ትላልቅ የዘይት ፋብሪካዎች ሲመረቁ ብዙ ሰው «እንግዲህ ፋጉሎ ጠገብን» ብሎ ነበር። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ፋብሪካ የአገር ውስጥ ኑግና አኩሪ አተር ሲጨምቅ ፋጉሎ ይወጣዋል። ድፍድፍ የፓልም ዘይት ከውጭ አስመጥቶ ሲያጣራ ግን ፋጉሎ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ የጎጃም ላም መኖ ከኑግ ዋጋ፣ ከውጭ ምንዛሪና ከዘይት ፖሊሲ ጋር ተያይዟል። ለወተት አርቢው የሚጠቅመው ድጎማ አንዳንዴ ለኑግ አምራቹ የሚሰጠው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የጥራቱም ነገር አለ። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የተደረገ ጥናት በወተት ውስጥ አፍላቶክሲን ማግኘቱ ከ10 ዓመት በፊት ትልቅ ወሬ ሆኖ ነበር። አፍላቶክሲን እርጥበት ባገኘው እህል ላይ የሚያድግ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ዋናው መንገዱ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። በአግባቡ ያልተከማቸ ፋጉሎን በድጎማ አብዝቶ ማደል ችግሩን ከላሟ ወደ ሕፃኑ ማሻገር ይሆናል።

አቅርቦቱን የሚያሰፋ ድጎማ ግን ሌላ ነው። አንድ ምሳሌ ጭድን በዩሪያ ማከም ነው። ለ100 ኪሎ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውኃ ተሟሙቶ ይረጫል። አየር እንዳይገባው በፕላስቲክ ተጠቅጥቆ 3 ሳምንት ገደማ ይቆያል። ሲከፈት ሽታው አፍንጫ ይበሳል። ትንሽ ከተናፈሰ በኋላ ላሟ ይበልጥ ትበላዋለች፤ ፕሮቲኑም ይጨምራል። ጭድ በሞላበት በምሥራቅ ጎጃም ይህ ነገር ወርቅ ነበር። እንቅፋቱ ዩሪያው ነው። በማዳበሪያ እጥረት ጊዜ ዩሪያ ያገኘ ገበሬ ለጭዱ አያውለውም፤ ለበቆሎው ነው የሚያደርገው። የመስኖ መሬት ዳር ዳሩን መኖ መዝራትም ይቻላል። 7,000 ሄክታር የሚያለማው የቆጋ መስኖ መርዓዊ አጠገብ ነው ያለው። ከባሕር ዳር የወተት ገበያ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሆንም። አልፋልፋ ወይም ቬች የተባሉትን የመኖ ተክሎች ዘር በቅናሽ ማቅረብ አዲስ መኖ ይፈጥራል እንጂ ያለውን መኖ አያሻማም።

ሁዳዴ ሲገባ

የጎጃምን የወተት ገበያ ሳያውቅ የሚነደፍ ድጎማ ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል። ጾም።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም አለ፤ የሐዋርያት አለ፤ ፍልሰታ አለ። ረቡዕና ዓርብ አለ። ሲደማመር ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ነው። ሰዉ በአብዛኛው ኦርቶዶክስ በሆነበት በጎጃም ከተማ ሁዳዴ ሲገባ የወተት ገዢ በአንድ ጀንበር ይጠፋል። ላሟ ግን አትጾምም። ጠዋት ትታለባለች፤ ማታም ትታለባለች። ፉርሽካዋንም ትጠይቃለች።

ለምሳሌ በቀን 40 ሊትር የሚያልብ አነስተኛ አርቢ እንውሰድ። በ55 ቀን 2,200 ሊትር ነው። ገዢ ካጣ ወደ ቅቤ ይሄዳል። ለ1 ኪሎ ቅቤ 20 ሊትር ገደማ ወተት ይጠይቃል ብንል 110 ኪሎ ቅቤ ያህል ይወጣዋል። ቅቤው ለፋሲካ ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ታዲያ ኪሳራው የት ላይ ነው? ጊዜው ላይ ነው። መኖው የሚገዛው ዛሬ ነው። ቅቤው የሚሸጠው ከ2 ወር በኋላ ነው። አቅም ያለው አንጥሮ ያስቀምጣል፤ የቸገረው በጾሙ መሐል በርካሽ ይሸጣል። ያን ቅቤ የገዛው ነጋዴ በፋሲካ ዋዜማ ያተርፍበታል።

ስለዚህ የሁዳዴው ችግር ከፊሉ የብድር ችግር ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቅቤውን ተረክቦ፣ መዝኖ፣ ደረሰኝ ሰጥቶ የዋጋውን ገሚስ ቢያስቀድም አርቢው መኖውን ይገዛል፤ ቀሪውን ለፋሲካ ይቀበላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና የማስያዝ አዋጅ ለእንዲህ ዓይነቱ ብድር በር ከፍቷል። መንግሥት መደጎም ያለበት ወለዱን ወይም የማከማቻውን ወጪ ነው። ወጪው ላም ከማደል እጅግ ያነሰ ነው።

ሌላም መውጫ አለ። በሁዳዴ ወተት የሚጠጣ ሰው ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። በልማዱ ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይጾምም። ሕመምተኛም አራስም አለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። እህል ከሚትረፈረፍበት አገር ይህ መሰማቱ ያማል። ሕፃኑ አልጾመም፤ ግን ወተቱ አልደረሰውም። ብዙ እናቶች በጾም ቀን የፍስክ ነገር ቤት ውስጥ አይነኩም፤ የጾም ዕቃው እንዳይነካባቸው ይሰጋሉ። ይህን ስጋት አክብሮ መፍትሔ መፈለግ ይቻላል። ወተቱ በመዋዕለ ሕፃናት ወይም በጤና ጣቢያ ተፈልቶ፣ እዚያው በራሱ ኩባያ ቢሰጥ የእናትየው ዕቃ አይነካም። መንግሥት በጾም ወራት ከማኅበራት ወተት ገዝቶ ለሕፃናት ቢያቀርብ አንዱ ብር ሁለት ሥራ ይሠራል። አርቢው ገዢ ያገኛል፤ ልጁም ይጠጣል። ከማውቃቸው የድጎማ ዓይነቶች ሁሉ ለጎጃም የሚስማማ ሆኖ የሚታየኝ ይህ ነው።

ሌሎች አገሮች ምን ገጠማቸው?

አውሮፓውያን ለረጅም ጊዜ የወተትን ዋጋ በመንግሥት ገንዘብ ከፍ አድርገው ያዙ። ገበሬው እስከቻለ አመረተ። የሚገዛው ጠፍቶ ቅቤው በመጋዘን እንደ ተራራ ተቆለለ። እ.ኤ.አ. በ1984 እያንዳንዱ አገር ሊያመርት የሚችለውን ወተት በኮታ ገደቡት። ኮታው የተነሣው በ2015 ነው። ኒውዚላንድ በዚያው በ1984 የግብርና ድጎማዋን አነሣች። መጀመሪያ ገበሬው ተንገዳገደ። ከዚያ በርካሽ ማምረት ተማረና ዛሬ ዓለምን ወተት ትሸጣለች። ይህን ምሳሌ ድጎማ የሚቃወሙ ሰዎች ይወዱታል። ኒውዚላንድ ግን ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሣር፣ ጥሩ መንገድና ወደብ ነበራት። ለእኛ በቀጥታ አይሠራም።

የሚቀርበን ሕንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በጉጃራት ካይራ አውራጃ አነስተኛ አርቢዎች በማኅበር ተደራጁ። ከ1970 ጀምሮ ደግሞ አሠራሩ «የወተት ጎርፍ» በተባለ ዘመቻ አገሪቱን አዳረሰ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። አውሮፓ ተርፏት በዕርዳታ የሰጠችውን የዱቄት ወተትና ቅቤ በነፃ አላደሉትም። ወተት አድርገው በከተማ ሸጡት። በሽያጩ ገንዘብ የመሰብሰቢያ ማዕከል፣ ማቀዝቀዣና የማቀነባበሪያ ፋብሪካ ሠሩ። ድጎማው ላም ላይ አልወደቀም፤ ወተቱ የሚሄድበት መንገድ ላይ ወደቀ። ሕንድ በ1990ዎቹ መጨረሻ በወተት ምርት ዓለምን መራች። ካርናታካ የተባለው ክልሏ ደግሞ ለማኅበር ወተት ለሚያስረክብ አርቢ በሊትር የሚታሰብ ማበረታቻ ከመንግሥት ይከፍላል፤ 5 ሩፒ የደረሰበት ጊዜ አለ። ገንዘቡ በቀጥታ የአርቢው የባንክ ሒሳብ ይገባል።

በሊትር ይከፈል ቢባል

ይህ ሐሳብ በእኛም አገር መነሣቱ አይቀርም። እንዴት ሊሠራ እንደሚችል እንይ።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ አርቢው ወተቱን በጀሪካን ወይም በቢዶን ይዞ ማዕከሉ ይደርሳል። ተቀባይዋ ላክቶሜትሯን ትነክራለች። ላክቶሜትር ወተቱ ከውኃ ምን ያህል እንደሚከብድ (እፍግታውን) የሚለካ ተንሳፋፊ የብርጭቆ መሣሪያ ነው። ንጹሕ ወተት ከ28 እስከ 32 ያነባል። ውኃ ከተጨመረ ይወርዳል። ይህ ግን ብቻውን በቂ አይደለም። ቅባቱን ገፍፎ ያነሣ ሰው የወተቱ ንባብ ይወጣለታል፤ ከዚያ ውኃ ሲጨምርበት ንባቡ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁለቱ ጥፋቶች ይሸፋፈናሉ። በሊትር የሚከፈል ድጎማ ካለ ደግሞ ውኃም ሊትር ነው። ስለዚህ ክፍያው በሊትር ብቻ ሳይሆን በቅባት መጠንም መሆን አለበት፤ የቅባት መመርመሪያ በየማዕከሉ ያስፈልጋል። ሕንዶቹም ያደረጉት ይህንን ነው።

ከዚያ ወተቱ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ መውረድ አለበት። ማቀዝቀዣ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ለጄኔሬተሩም ናፍጣ ያስፈልጋል። መንገዱም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት የጎጃም መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። ጤፍ መንገድ እስኪከፈት ጎተራ ውስጥ ይቆያል፤ ወተት ግን እስከ ማታም አይጠብቅም። ሰላም ከሌለ በወረቀት ላይ የተነደፈው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ይህን ሳይሉ ስለ ድጎማ ማውራት አርቢውን ማታለል ነው።

የፍትሕም ጥያቄ አለ። በሊትር ሲከፈል ብዙ የሚያገኘው ብዙ የሚያልበው ነው። ይህም ዲቃላ ላሞች ያሉት፣ አስፋልት ዳር የሚኖር፣ የተሻለ አቅም ያለው ሰው ነው። በሊትር 5 ብር ቢሆን፣ ያ 40 ሊትር የሚያልበው አርቢ በዓመት 73,000 ብር ያገኛል። እነብሴ ቆላ ውስጥ በአንዲት ሐበሻ ላም ልጆቿን የምታሳድግ እናት ግን ምንም አታገኝም። የምታስረክበው ወተት የላትም። ለዚህ መላው ጣሪያ ማበጀት ነው። ድጎማው ለመጀመሪያዎቹ 15 ወይም 20 ሊትር ብቻ ይሁን። በጾም ወራት ብቻ ይከፈል ቢባል ደግሞ ወጪው ይቀንሳል፤ ገንዘቡም የሚያስፈልግበት ጊዜ ላይ ይወርዳል።

ገንዘቡ በማን ስም ይገባል የሚለውም ቀላል አይደለም። በገጠር ቤት ወተቱ የሴቷ ነው። እርጎውን በቅል የምትንጠው፣ ቅሉን በወይራ የምታጥነው፣ ቅቤውን ለቅዳሜ ገበያ የምታወጣው እሷ ናት። በዚያች ብር ጨውና ደብተር ትገዛለች። ወተቱ ወደ ማኅበር ሲዞር ግን የማኅበሩ አባል አብዛኛውን ጊዜ ባልየው ነው። ምርቱ አድጎ የእሷ እጅ ባዶ ሊሆን ይችላል። የአባልነት መዝገቡ በሁለቱም ስም እንዲሆን ማድረግ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

ጭራሽ አይደጎም የሚሉት

ድጎማውን የሚቃወሙ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው የበጀት ነው። ነዳጅ ላይ የነበረው ድጎማ እየተነሣ ባለበት ጊዜ አዲስ መጀመር ግራ ያጋባል። አንዴ የተጀመረ ድጎማ ለማቆምም ያስቸግራል። ሁለተኛው የዝንባሌ ነው። ድጎማ ባለበት ሰው ትርፉን ከሥራው ሳይሆን ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ይጠብቃል። ዝርዝር ውስጥ ለመግባት ቀበሌ ደጅ መጥናት ሊጀምር ይችላል። ሦስተኛው ከመንግሥት መንገድ፣ መብራትና የእንስሳት ሐኪም ይበቃል የሚል ነው። አፍተግር የተባለው የከብት በሽታ መንደሩን ሲያጠቃ የሊትር ድጎማ ምን ያደርጋል?

የመጨረሻው ነጥብ አሳማኝ ነው። ክትባትና ሐኪም ከምንም ይቀድማል። ግን ሁለቱ አይጋጩም። ወተት የሚያስረክብ አርቢ የሚመጣበት ቦታ አለ። ማዕከሉ ካለ ሐኪሙም አዳቃዩም የት እንደሚቆም ያውቃል። ዝርዝሩም ያን ጊዜ በየጠዋቱ በተመዘነው ወተት ይጻፋል። ላም ሲታደል ዝርዝሩን የሚያወጣው ሰው ነው። በእኔ ግምት ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሰኔ ላይ የሚወሰን ነገር

አንድ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ልጨምር። ላም የምታረግዘው 280 ቀን ገደማ ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ የተዳቀለች ላም መጋቢት መጀመሪያ አካባቢ ትወልዳለች። ከመውለዷ በፊት ባሉት 2 ወራት ደግሞ እንድታርፍ ወተቷ መድረቅ አለበት። እነዚያ ወራት ጥርና የካቲት ናቸው፤ በአብዛኛው ዓመት የካቲት ሁዳዴ የሚገባበት ነው። የወለደች ላም ወተቷ የሚበዛው ከወለደች ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ ነው። ይህ ሚያዝያ ነው። ፋሲካ ነው። ገዢ ደጅ የሚቆምበት ወቅት ነው።

የላሞችን ፍላጎት በመርፌ አቀራርቦ በዘመቻ የማዳቀል ሥራ በክልሉ የሚታወቅ ነው። ወጪውንም በአብዛኛው የሚሸፍነው መንግሥት ነው። ይህ ዘመቻ በየትኛውም ወር ከሚሆን ለዲቃላ ላሞች ሰኔ ላይ ቢደረግ ያው ድጎማ ሌላ ውጤት ይሰጣል። ችግሩ መኖው ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ሣር የሚጠፋበት፣ ምድሩ የሚደርቅበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት የምትወልድ ላም ድርቆሿ በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶ መከመር፣ ጭዷም በዩሪያ ታሽቶ መዘጋጀት አለበት። ያንን ያደረገ አርቢ ክረምቱ ሲገባ ለምለሙ ሣር ይደርስለታል። ያላደረገው ግን ላሟ ልክ ወተቱ በሚፈለግበት ሰሞን ትከሳበታለች። ስለዚህ የሰኔው ማዳቀልና የኅዳሩ ድርቆሽ በአንድ ዕቅድ ላይ መጻፍ ይኖርባቸዋል። ዛሬ ማዳቀሉ በአንድ ባለሙያ እጅ፣ መኖው በሌላ ባለሙያ እጅ ነው ያሉት።